ቅጠል የጣለ ራሱ ያነሳል

ኢንቨርነስ፣ ስኮትላንድ
መጋቢት 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

አያ ጃቢር፣

ደህና ነህ ወይ? ቤቱስ፣ ልጆቹስ፣ ጉልበትህስ? እኔ ሸጋ ነኝ። ጆሮህ ስልክ አልሰማ ካለ ወዲህ እኔና አንተ እንደ ጥንት ሰው በወረቀት ልንነጋገር ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ ልጄ ሃና ፎቶ አንስታ ለልጅህ ለዐዚዛ ትልካለች፣ ዐዚዛ ደግሞ ለአንተ ታሳይሃለች። ዐዚዛ፣ የኔ ልጅ፣ ለአባትሽ ብቻ የተጻፈውን ዝለይው፤ የቱ እንደሆነ አንቺው ይገባሻል።

ምነው ድንገት ሄድክ ብለሃል። ምን ድንገት አለው? ልጄ ወለደች። እናቷ በሕይወት የለችም፤ እኔ ካልመጣሁ ማን ይምጣላት? ሌላ ነገር የለም። ሌላ ነገር አለ ብሎ ያወራህ ሰው ካለ ስሙን ንገረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የዳማ ቁልፍ አንተ ጋ ነው። ዳማ የኔም የአንተም የጭነት ማኪና ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከጎንደር አዲ አርቃይ አብረን አመላልሰናታል፤ አልክድም። ግን ቁልፉን ለማንም እንዳትሰጥ። በተለይ ለአስናቀው። ያገሩ የመካነ ብርሃን ሰዎች ልጃችን ጎበዝ ሹፌር ነው ይሉሃል። ሊማሊሞን ከላይ እስከ ታች ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ሹፌር አይባልም። ማርሽ ለምን ተሠራ ታዲያ? እኔ በግንቦት እመጣለሁ። እስከዚያ ትቁም። ማኪና ቆማ አትሞትም።

የዚህን አገር መንገድ ልንገርህና አንተው ፍረደኝ። መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ሃና ስትነዳ እኔ በግራ እቀመጣለሁ፣ ማለት በራሴ ቦታ፣ ሠላሳ ዓመት በተቀመጥኩበት ቦታ። ቁጭ ስል ከፊቴ መሪ የለም። እግሬ ፍሬን ሲፈልግ ምንጣፍ ያገኛል። «አባዬ፣ ወለሉን ልታፈርሰው ነው» ትለኛለች።

ባለፈው እሑድ ተራራ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። መንገዱ አንድ ማኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ታዲያ ትንሽ በሄድን ቁጥር ዳር ላይ ነጭ ሰሌዳ በዘንግ ላይ ተተክሏል። አንተ ብትሆን ምን ይመስልህ ነበር? ሊማሊሞ ላይ ማኪና ገደል የገባበት ቦታ ድንጋይ እንደምንከምር፣ መስቀል እንደምንተክል፣ እነዚህም ሰው ያለቀበትን ምልክት ያደረጉ መሰለኝ። መጀመሪያው ጋ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ሁለተኛው ጋ አማተብኩ። ሦስተኛው ጋ «ነፍስ ይማር» አልኩ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ «ሃና ልጄ፣ ይህ መንገድ አገሩን ጨርሶታል፣ እንመለስ» አልኳት።

ማኪናዋን ዳር አስይዛ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ነው የሳቀችብኝ። ለካ ሰሌዳው «እዚህ ጋ ዳር ያዝና ለሚመጣው አሳልፍ» ማለት ነው። ለማሳለፍ ሰሌዳ ይተከላል? ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ማኪና ባዶው ዳር ይዞ እንዲጠብቅ እኛን ማን በሰሌዳ አስተማረን? እናቱ ያሳደገችው ሰው ያሳልፋል።

አሥራ ሰባቱ ጸሎት ግን ባክኖ አይቀርም። ለሊማሊሞዎቹ ይድረስልኝ ብያለሁ።

ቁልፉን አደራ።

ውዱ


ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
መጋቢት 14 ቀን 2011

ወንድሜ ውዱ፣

ዐዚዛ ወረቀትህን በስልኳ አሳየችኝ። ምንም አልዘለለችም። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ አንተም ከነልጅህና ከነልጅ ልጅህ ደህና ሁንልኝ። ጾምህን ያስፈጽምህ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ዳማን በየጠዋቱ አስነሳታለሁ። ሞተሯን ስለማልሰማት መዳፌን ኮፈኗ ላይ አደርግና ስትንቀጠቀጥልኝ ደህና አደረች እላለሁ። ሰዎች ሲያዩኝ ፈረስ የማሻሽ ይመስላቸዋል። ነጋዴዎቹ በሳሙናውና በቆርቆሮው ላይ ተቀምጠው «መቼ ነው የምትጭኑልን» ይሉኛል። ከከንፈራቸው ባነበውም አልሰማሁም እላቸዋለሁ። የጆሮዬ ጥቅም ይሄ ብቻ ነው።

አስናቀው መጥቶ ነበር። ሰላም ብሎኝ፣ ጎማዎቿን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ሄደ። ስለ ቁልፍ አላነሳም። ሸጋ ሰው ነው።

የግራውን ስፖኪዮ መስታወት አሠርቼዋለሁ። በጥር ወር «ዛሪማ ላይ በሬ በቀንዱ ሰበረው» ብለኸኝ ነበር። መካኒኩ ስማቸው ሲፈታው ስንጥቁ ውስጥ የድልድይ አጥር ቀለም አገኘ። የዛሪማ በሬ ቀለም ይቀባል እንዴ? ጠይቄህ አይደለም፣ ገርሞኝ ነው።

ጽሑፍህ ደግሞ ምነው ሽቅብ ይወጣል? መጀመሪያው ላይ ደህና ነው፣ መጨረሻው ላይ ዳገት ይሆናል። መስመር ያለው ወረቀት እዚያ አገር ጠፋ ወይ?

ሌላ ምልክት ካየህ ጻፍልኝ። የአሥራ ሰባቱን ሳነብ ሳቅሁ። የራሴን ሳቅ ባልሰማም ሆዴ ሲነቃነቅ አውቀዋለሁ።

ጃቢር


ኢንቨርነስ
መጋቢት 23 ቀን 2011

አያ ጃቢር፣

የዛሪማውን በሬ ተወው። ድልድዩን ታክኮ መጥቶ ይሆናል። ለበሬ ጠበቃ አልቆምም። ጽሑፌም ዳገት የሚወጣው የሃና ጠረጴዛ ዘንበል ያለ ስለሆነ ነው። እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ዘንበል ያለ ነው።

ሌላ ምልክት ብለሃል። ይኸው።

ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ ጥቁር ሰውዬ። እግሩን ከፍቶ ቆሟል፣ ላይዳውን ይዟል፣ ከፊቱ ምርት ተከምሯል፣ ሊያነሳና ለነፋስ ሊሰጠው ነው። ያለምንም ጥርጥር አውድማ ነው። በመጋቢት የሚወቃ እህል ምን ይሆን ብዬ ገርሞኛል፣ ግን የሰው አገር ነው ብዬ ተውኩት። በአውድማ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ደግሞ «ይበርክት» ሳይል አያልፍም። መስኮቱን አውርጄ ተዘጋጀሁ። ጥግ ዞር ስንል ቢጫ የለበሱ ሦስት ሰዎች አስፋልት ይቆፍራሉ። አፌን አንዴ ከፍቻለሁ፣ ምን ላድርግ? «ይበርክት» አልኳቸው። አንዱ አውራ ጣቱን ቀስሮ መለሰልኝ። ሃና «አባዬ፣ ጉድጓዱን መረቅከው» አለች። በሳምንቱ ስናልፍ ጉድጓዱ ሦስት ሆኗል። ምርቃቴን እንደ ቀላል እንዳታየው።

ሁለተኛው። ሁለት ሰዎች፣ ጎበጥ ያሉ፣ ተከታትለው ይሄዳሉ፣ የፊተኛው ዘንግ ይዟል። ደብተራዎች ናቸው አልኩ። መቋሚያ ይዘው ማኅሌት እየሄዱ ነው። ጾም ነው፣ ከመጣሁ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልተሳለምኩም፣ «ልጄ፣ ተከተያቸው» አልኳት። ወስዳኝ ከአንድ ትልቅ ቤት በር አቆመች። ገባሁ። ማኅሌት የለ፣ ጽናጽል የለ። ለካ የሽማግሌዎች መኖሪያ ነው፤ ምልክቱም «አረጋውያን ያቋርጣሉና ቀስ በል» ነው። ከገባሁ በኋላ ሰላም ሳልል ልውጣ? አንድ በአንድ ጨበጥኳቸው። ሻይ አመጡልኝ፣ ወተት ነክቶታል፣ ጾመኛ ነኝ ብዬ መለስኩ፣ አልገባቸውም፣ ሌላ ወተት ጨመሩበት። አንዲት ባልቴት እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ልጆች የሏቸውም ወይ ብዬ ሃናን ጠየቅኳት። «አሏቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ» አለችኝ። እንግዲህ እኔ ሐሙስ ነው የመጣሁት፤ ሐሙስ የሚመጣ ሰው አይተው አያውቁም መሰለኝ።

ሦስተኛው ትንሽ ነገር ናት። አሁንም ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ ገንቦ። ሆዷ ሰፊ፣ አፏ ጠበብ ያለ። ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ ዘርግተው እንደሚሸጡት እዚህም የሚሸጡ መሰለኝ። «አቁሚ፣ የሽሮ ድስት ልግዛልሽ» ብዬ ወረድኩ። ረግረግ ሜዳ ነው፣ ሰውም ሸክላም የለ። ሃና ከኋላዬ መጣችና «አባዬ፣ ጉርጥ እኮ ነው» አለች። በዚህ ወር ጉርጦች ወደ ኩሬያቸው ሲሄዱ መንገድ ያቋርጣሉ አሉ፤ ሰው በባልዲ እየያዘ ያሻግራቸዋል። ለጉርጥ ሰሌዳ። እኛ ለሰው አጥተን።

በዚህ ግን አልሳቀችም። ሁልጊዜ የምትስቀው ልጅ እጄን ይዛ ወደ ማኪናው መለሰችኝ።

አስናቀው ጎማ ምን ያያል? ጎማው የኔ ነው።

ውዱ


ኢንቨርነስ
ሚያዝያ 9 ቀን 2011

አያ ጃቢር፣

ደብዳቤህ ሁለት መስመር ናት፣ ሁለቱም ጥያቄ። ሰላምታ እንኳን የላትም። እሺ፣ በተራ ልመልስልህ።

ሃና መሪ ሰጥታሃለች ወይ ብለሃል። ሰጥታኛለች። ባለፈው ሰኞ፣ ከተማው ዳር ባለው የገጠር መንገድ፣ በራሷ ማኪና። ደስ ይበልህ። አሁን ደግሞ የሆነውን ስማ።

ነፋስ ነበር። ቀስ እያልኩ እወጣለሁ፣ ኩርባው ላይ ስደርስ እርጥብ ቅጠል መንገዱ መሃል ተጥሏል። ትልቅ ቅርንጫፍ፣ ከነቅጠሉ። ምን አደርጋለሁ? የማንም ልጅ የሚያደርገውን። አቆምኩ። ቅጠል ካለ ከኩርባው ወዲያ የተበላሸ ማኪና አለ። ሞተር አጠፋሁ፣ መፍቻ አለሽ ወይ አልኳት፣ «የምን መፍቻ?» አለች። በእግሬ ኩርባውን ዞርኩ፤ ወንድሜ እርዳታ ይፈልግ ይሆናል። ማንም የለም። አንድ በግ ብቻ ቆሞ ያየኛል። ስመለስ ከኋላችን ሰባት ማኪና ተሰልፏል፣ አንድም ክላክስ የነፋ የለም፤ ጨዋ ናቸው፣ ይሄንን እሰጣቸዋለሁ። አንዱ ወርዶ መጣና ቅጠሉን አንስቶ ወደ ቦይ ወረወረው።

ተናደድኩ። «ተው» አልኩት በአማርኛ። ቅጠል የጣለ ራሱ ያነሳል። ማኪናውን ሠርቶ፣ አስነስቶ፣ ወርዶ በገዛ እጁ ያነሳል እንጂ ሌላ ሰው አይነካበትም። ሰውዬው ከታች ሞተር ፈትቶ ተኝቶ ከሆነስ? ሃና «ነፋስ ነው የጣለው ይልሃል» አለችኝ። ለዚህ ሰሌዳ የላቸውም፣ አየህ? ለጉርጥ አላቸው። እኛ ሰሌዳ ሳንተክል፣ ሕግ ሳንጽፍ፣ ከጎንደር እስከ አዲ አርቃይ ቅጠል የጣሰ ሹፌር አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ሃና ነዳች። ደክሞኝ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄህን ግን በወረቀት መጠየቅ አልነበረብህም። ዓይኔ ደህና ነው። ቅጠሉን አይቻለሁ፣ ነገርኩህ እኮ። በጉን አይቻለሁ።

የደባርቁንም ነገር አታንሳብኝ። አላነሳህም፣ ግን በሁለቱ መስመር መካከል ይሸተኛል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሹፌሮች ሁሉ ምሳ በሚበሉበት፣ ቁልፉን ከዳማ ላይ ነቅዬ «ጆሮ የሌለው ሰው ሊማሊሞን አይወርድም» አልኩህ። አልኩ። ያን ቀን ኩርባ ላይ አውቶቡስ ክላክስ እየነፋ ሲመጣ አልሰማህም፤ ሁለት ክንድ ነው የቀረን። አልተሳሳትኩም። አሁንም ብሆን አደርገዋለሁ።

ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ይቆይ።

ውዱ


ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ሚያዝያ 23 ቀን 2011

ወንድሜ ውዱ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ። ባለፈው ሰላምታ ስላስቀረሁብህ ይቅር በለኝ፤ የሚከብድ ነገር ልጠይቅ ስል ሰላምታው ከእጄ ይወድቃል። ይኸው አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ልኬልሃለሁ። ደህና ነህ? ደህና ነህ?

ዐዚዛን የዚያን አገር ምልክቶች ከስልኳ ፈልጊልኝ አልኳት። አንድ በአንድ አየኋቸው። ላይዳ የያዘውን ሰውዬ አየሁት። አውድማ ነው። እኔም ብሆን «ይበርክት» እላለሁ። ሁለቱን አዛውንቶች አየኋቸው። እስላም ነኝ፣ ግን ጎንደር ነው ያደግኩት፣ መቋሚያ አውቃለሁ፤ ደብተራዎች ናቸው። ነጩን ሰሌዳም አየሁ፣ ሊማሊሞ ትዝ አለኝ። በሦስቱ አልፈርድብህም። ሦስቱን የተሳሳትከው የዚህ አገር ሰው ስለሆንክ ነው።

ከዚያ ጉርጡን አሳይኝ አልኳት። አራት እግር አለው፣ ውዱ። ጣት አለው። ዐዚዛን በሩ ላይ ቁሚ ብዬ ስልኩን ከዚያ አስያዝኳት፤ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከዚያም ሆኜ ጉርጥ ነው አልኩ። ከወለቃ ሸክላ ስገዛ አርባ ዓመቴ ነው፣ እግር ያለው ገንቦ አልሸጡልኝም።

በሬውም በሬ አልነበረም። ጠረጴዛውም አልዘነበለም።

ስለ ደባርቅ አላነሳሁም ነበር፤ አንተ ካነሳኸው ልንገርህ። ያን ጊዜ ካልሰማሁ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ራሴ አውቅ ነበር። ኩርባ ላይ ክላክስ እነፋለሁ፣ መልሱን ሳልሰማ እወርዳለሁ፣ «ዛሬን ብቻ» እላለሁ። በማግስቱም ዛሬን ብቻ። አንተ ቁልፉን ስትነቅል ሰው ፊት ስለሆነ ጠላሁህ። አንድ ዓመት ሙሉ ጠልቼሃለሁ፣ እየሳቅሁልህ። ግን ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው እንቅልፍ ነበር።

ስለዚህ እኔ ሰው ፊት አላደርገውም። ዐዚዛን ውጪ ብያታለሁ። ይህን ወረቀት ራሴ ነኝ ፎቶ ያነሳሁት፤ ጥግ ላይ አውራ ጣቴ ገብቶ ከሆነ ታገሠኝ።

ግንቦት ደርሷል። ትመጣለህ፣ እጅህን ትዘረጋለህ፣ ቁልፉን ስጠኝ ትለኛለህ። ከመምጣትህ በፊት ንገረኝ። ምን ያህል ታያለህ?

ጃቢር


ኢንቨርነስ
ግንቦት 8 ቀን 2011

አያ ጃቢር፣

ረመዳንህን ያስፈጽምህ። የዘገየሁት ደብዳቤህን ሁለት ሳምንት ይዤው ስለቆየሁ ነው። ይህን የምጽፈው ሃና በገዛችልኝ ወፍራም እስክሪብቶ ነው፣ አንድ ገጽ ላይ ስድስት መስመር ብቻ ይገባል፣ ስለዚህ ፎቶው ብዙ ነው። ያንተንም እሷ ናት ያነበበችልኝ። አውራ ጣትህ ገብታለች አለችኝ።

የዚያን ሰኞ ደክሞኝ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። ቅጠሉ ከተነሳ በኋላ እኔው ነዳሁ። በዚያ በሽማግሌዎቹ ቤት በኩል ስናልፍ ምልክቱን አየሁት፣ «ደብተራዎቹ» ብዬ ለሃና ቀለድኩ። ምልክቱን አይቼ ሰዎቹን አላየኋቸውም። ከፊቴ ሁለት አዛውንቶች መንገድ እያቋረጡ ነበር፣ አንዱ ምርኩዝ ይዟል። ልክ እንደ ሥዕሉ። ሃና የእጅ ፍሬኑን ሳበችው። ማኪናው ሲቆም ከእነሱ ምን ያህል እንደቀረን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ታዲያ ምን አደረጉ መሰለህ? ሽማግሌው ዞሮ እጁን አነሳልኝ። አመሰገነኝ። ያሳለፍኳቸው መስሎታል።

እናቱ ያሳደገችው ሰው ያሳልፋል ብዬ ጽፌልህ አልነበር? ከዚያ ቀን ወዲህ የሰውዬው እጅ ከፊቴ አልወርድ ብሏል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪም ጋ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጣሁትም ለዚሁ ነው፤ ልጅ መውለዷም እውነት ነው፣ ግን ሃና የጠራችኝ ለዓይኔ ነው። ሊማሊሞ ላይ ጠዋት የሚወጣውን ጭጋግ ታውቀዋለህ፤ መንገዱን ሁሉ ይሸፍንና ሦስት ሰዓት ላይ ይገፈፋል። የኔው መሃሉ ላይ ብቻ ነው፣ አይገፈፍም። ዳር ዳሩን አያለሁ። ቀጥ ብዬ የማየው ነገር ይጠፋብኛል። ፊት ለፊቴ ብትቆም ጆሮዎችህን አያለሁ፣ አፍንጫህን አላይም። ከመላ ፊትህ ለኔ የቀረኝ የማይሠራው ነው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅልሃለን አለ። በትሕትና ነው የነገረኝ። እኔ ነኝ ትሕትና ያጣሁት።

እንግዲህ ቁልፉን ለአስናቀው ስጠው። ፍሬን ይረግጣል ያልኩህን ሰው ነግሮኝ ነው፣ በዓይኔ አላየሁም። ብፈልግም አላይም ነበር። ከዛሪማ በላይ ያለው ሦስተኛው ኩርባ ላይ ግን በሁለተኛ ማርሽ ይውረድ በለው፤ ይህን ከኔ ነው በለው።

ከመስጠትህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ከዳማ ኋላ ቅጠል ጣልልኝ። «ውዱ እዚህ ቆሟል፣ በጎን እለፉ» ማለት ነው። አንድ ቀን ብቻ ይሁን። ሞኝነት ነው ካልክ ተወው።

የደባርቁ፣ ያልኩት ነገር ልክ ነበር። ሰው ፊት ማለቴ ግን ልክ አልነበረም። በጓሮ ጠርቼ፣ እጅህን ይዤ ልነግርህ እችል ነበር። አንተ ዐዚዛን ውጪ ስትላት እኔ አርባ ሹፌር አስቀምጬ ነው። ይቅር በለኝ፣ አያ ጃቢር። ይህን ዐዚዛ ብታነበውም ግድ የለኝም።

ግንቦት 30 ጎንደር እገባለሁ።

ውዱ


ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ግንቦት 28 ቀን 2011

ወንድሜ ውዱ፣

ትናንት ዒድ ነበር። ቤቱ ሞልቶ ዋለ፣ ሁሉም ስለ አንተ ጠየቀ፤ ዓይኑ ታሟል፣ እሱ ግን ደህና ነው አልኩ። ይቅርታህ ደርሶኛል። ዐዚዛ አንብባዋለች፤ ደጋግማ ነው ያነበበችልኝ፣ እኔ አልሰማሁም እያልኩ።

ቅጠሉን ከዒዱ በፊት ባለው ቀን ጣልኩ። ከጓሮ የወይራ ቅርንጫፍ ቆርጬ ከዳማ ኋላ ግቢው መሃል አጋደምኩት። የሚገባ የሚወጣው ሁሉ እያየ «አያ ጃቢር፣ ምኗ ተበላሸ?» ይለኛል። «ሹፌሮቿ» እላለሁ። መካኒኩ ስማቸው መፍቻውን ይዞ ሮጦ መጣ፤ ነገሩን ስነግረው ቁጭ አለና «ሁለታችሁን ፈትቼ ብገጥም አንድ ሹፌር ይወጣችኋል?» አለኝ። አስቤበት ነበር፤ አይወጣንም።

ዛሬ ጠዋት አስናቀውን ጠራሁት። ከግቢው ጀርባ፣ እሱና እኔ ብቻ። ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ስለ ሦስተኛው ኩርባ ነገርኩት። «በሁለተኛ ነው የምወርደው፣ አያ ውዱ ሲወርድ አይቼ ነው የተማርኩት» አለኝ። አስነሳት። መዳፌን ኮፈኗ ላይ አደረግኩ፣ ተንቀጠቀጠች፣ ደህና ናት። ሊነሳ ሲል አንገቱን በመስኮት አወጣና ወደ ቅጠሉ አመለከተኝ፤ ላንሳው ወይ ማለቱ ነው። አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እሱም አልተከራከረኝም፤ በጎኑ አጥብቆ ዞሮ፣ ቅጠሉን ሳይነካ ወጣ። ሳሙናና ቆርቆሮ ጭኖ አዲ አርቃይ ሄዷል። መዳፌ እስካሁን ይንዘረዘራል።

አንድ ቀን ብለህ ነበር፤ ይኸው ሦስተኛው ነው። ቅጠሉ እዚያው ነው። ፍየል እንዳይበላው ድንጋይ ጭኜበታለሁ። ለአንተ ብቻ አይደለም የጣልኩት፣ ለራሴም ነው፤ የኔው በደባርቅ ሳይጣል ቀርቶ ነበር። የሁለት ሰው ቅጠል ብቻዬን አላነሳም። ስትመጣ አንዱን ጫፍ አንተ፣ ሌላውን እኔ።

ከዚያ በሰኞው ጭነት ሦስታችን እንሄዳለን፤ አስናቀውን ጠይቄዋለሁ፣ ደስ ይለኛል ብሏል። የግራው ወንበር የእሱ ነው፣ እኛ በቀኝ ተጣብቀን እንቀመጣለን። መሪ ከፊትህ ሳይኖር መቀመጥ እንደሆን ስኮትላንድ ላይ ተለማምደሃል።

ወለሉን ብቻ እንዳታፈርሰው።

ጃቢር